አያ ተሰማ እምቢ ያሉ ዕለት

በአገራችን ዲሞክራሲ ለምን አልበቀለም የሚል ክርክር በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር ሬዲዮኑን እዘጋለሁ። ተከራካሪዎቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ መደብ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ውጭ ጣልቃ ገብነት ያወራሉ። አልተሳሳቱም ይሆናል። እኔን ግን የሚታየኝ አንድ ሜዳና አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነው። ስለ ራሴ መናገር ልማዴ አይደለም። ይህን ግን ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ስለያዝኩት፣ እጄ ብዕር መያዝ ሳይተው ልጻፈው ብያለሁ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና እየተለቀመ ወደ ሰሜን የሚጫንበት። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማርኩ፤ አባቴ ሲሞት ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትሆነው መንደራችን ተመለስኩ። ሴት ብሆንም ማንበብና መጻፍ ስለምችል የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ሰው የተናገረውን እጽፋለሁ፣ መልሼ አነባለሁ፣ ይፈረምበታል።

ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንተነህ ነበርን። አንተነህ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሬ የሚጠምድልን እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ጥር ለውትድርና በተዘጋጀው ዝርዝር ላይ ስሙ ገብቶ ነበር፤ ያስገባው ሊቀመንበሩ ካሴ ነው።

ካሴን የመረጥነው እኛው ነን። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ የመንግሥት ሥራ ያው መላላክ ነው፣ ደህና ሰው ከእርሻው አናፈናቅልበት አሉ። ማሳውን ዳዋ የዋጠበትን፣ ከጠላ ቤት የማይጠፋውን፣ ቢሄድም የማይጎድለውን ካሴን ሰጡ። ብልህነት መስሏቸው ነበር። መንግሥት ግን ለካሴ ጠመንጃና ማኅተም ሰጠው፤ መሬት የሚደለድለው፣ ሰው የሚያስረው፣ ለጦር ሜዳ ስም የሚያስተላልፈው እሱ ሆነ። የእህቱ ልጆች አራት ጎረምሶች ናቸው። አንዳቸውም ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም።

ከዚያ ድጋሚ ምርጫ እንደሚደረግ ተነገረን። የወታደሮቹ ዝርዝር ወደ ቡሬ የሚላከው አዲስ የሚመረጠው ሊቀመንበር አይቶ ሲፈርምበት ነው ተባለ። ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ የሚመራውም የመንግሥት ካድሬ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ መቀነቷን ፈታ አጠበቀች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ቄሰ ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ አያ ተሰማ ዞሩ። አያ ተሰማ ስድሳ ያለፋቸው፣ ወሰን የተጋፋውን ሁሉ የሚዳኙ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ።

«ተሰማ፣ እንግዲህ ማክሰኞ አንተን ነው ያሰብን።»

«እኔን? ኧረ ተዉኝ አባቴ። ዓይኔም ደክሟል።»

«ገበያ ላይ በሬ ሲመርጡ አይደክም!» አለ አንዱ ከዳር፤ ሰው ሳቀ።

«ሌላ ሰው ፈልጉ። የልጅ ሥራ ነው።»

«በሞቴ ይበሉ፣ አያ ተሰማ። አፈር ስሆን!»

«አልችልም አልኩ እኮ።»

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አወጡ። «በዚህ ይዤሃለሁ።»

አያ ተሰማ ብድግ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ። «እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ሰውም እልል አለ። እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

በእኛ ዘንድ ወጉ ይህ ነው። ምግብም ቢሆን፣ የክብር ቦታም ቢሆን፣ ሹመትም ቢሆን፣ የተከበረ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይቀበልም። ሁለቴ ሦስቴ እምቢ ይላል፤ ጠሪው ይለምናል፣ ይገዝታል። ዘሎ እሺ ያለ ሰው ሆዳም ይባላል። እሑድ እሺ ብሏልና ማክሰኞ አያስፈልገውም አይባልም፤ ሸንጎ በተለወጠ ቁጥር ወጉ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሰኞ ጧት ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። የከተማ ስብሰባ አይቻለሁ። ካድሬ ሲጠይቅ ሦስት ጊዜ አይጠይቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አያ ተሰማ አውድማ ወረድኩ። መንሽ ይዘው ጤፍ ያናፍሱ ነበር።

«እንደምን አደሩ አያ ተሰማ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው ልጄ ስመኝ፣ በሥራ ቀን? ቃለ ጉባኤ ልትይዥብኝ ነው?»

«ነገ የሚመጣው ካድሬ ችኩል ነው ይላሉ።»

«ይቸኩል። ጤፌ ግን አይቸኩልለትም፤ ነፋስ ይጠብቃል።»

«ምናልባት… ሲጠይቅዎ…»

መንሹን አቁመው አዩኝ። «ሲጠይቀኝ ምን?»

እንዲህ ብዬ ልናገር ነበር የሄድኩት፦ አያ ተሰማ፣ ነገ በመጀመሪያው እሺ ይበሉ። አራት ቃል ናት። ግን እሳቸው አባቴን የቀበሩ፣ ለእናቴ የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው። ወጣት ሴት ቆማ ሽማግሌን አነጋገር ልታስተምር?

«ምንም። እናቴ ሰላም በያቸው ብላኝ ነው።»

«እናትሽን ዛሬ ጧት ምንጩ ጋ አግኝቻት ነበር» አሉና ሳቁ። «ሂጂ፣ ገለባው ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።»

ተመለስኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን። ለካድሬው ጠረጴዛ ከትምህርት ቤት መጥቶለታል። ጓድ ፍሬው ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካኪ ለብሶ ቦቲ ተጫምቷል። ሁለት ታጣቂዎች ከኋላው ቆመዋል። እኔ ከጎኑ መዝገቤን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስለ አድኃሪያን፣ ስለ ገንጣዮች፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሥልጣን ተናገረ። ጸሐዩ እየበረታ ሄደ።

«አሁን እጩ ጠቁሙ» አለ።

የካሴ አማች ተነሣና ካሴን ጠቆመ።

«ጓድ ካሴ፣ ትቀበላለህ?»

ካሴ ጠመንጃውን ይዞ ብድግ አለ። «እቀበላለሁ! ለአብዮቱ የመጨረሻ የደም ጠብታዬን!»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ ደምህን ለራስህ፣ የኛን ልጆች ደም ተው እንጂ» አሉ ቀስ ብለው። ጎረቤቶቻቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ካድሬው አልሰማም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ።

ቀጥሎ አንድ ጎበዝ ገበሬ ተነሣ። «እኛ አያ ተሰማን ነው የምንል።» ሜዳው አጉረመረመ፤ የደስታ ጉርምርምታ ነው። አንተነህ ከጓደኞቹ ጋር ከዋርካው ሥር ቆሞ ነበር። አየኝ፤ ጥርሱ ታየኝ።

«ተሰማ ማነው? ተነሥ። ትቀበላለህ?»

«አንተ» ብሎ ነው የጠራቸው። አያ ተሰማ ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ ሕዝቡ ጎንበስ፣ ወደ ካድሬውም ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያክብራችሁ። እኔ ግን አርጅቻለሁ። ከእኔ የተሻለ ብዙ ሰው አለ። እኔስ አልችልም።»

ሕዝቡ ወዲያው ጀመረ። «ኧረ አያ ተሰማ!» «በሞቴ!» «በሥላሴ ይሁንብዎ!» ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ሊያዜም አፉን ከፍቷል። ጓድ ፍሬው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ጸጥታ! ዲሞክራሲ ማንንም አያስገድድም። አልችልም ብሏል። ጻፊ።»

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። «ጌታው፣ ይህ እንኳ ወግ ነው። እምቢ ማለታቸው አይደለም…»

«አባ፣ ይቀመጡ። የእርስዎ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው።» ከዚያ ወደ አያ ተሰማ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለስላሳ ሆነ። «እሺ፣ እኔ ፍርደ ገምድል አይደለሁም። አንድ ጊዜ ልጠይቅህ። ሥልጣን ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም? እፈልጋለሁ በል፣ ትወዳደራለህ።»

አያ ተሰማ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። በካህናት ፊት፣ በአማቾቻቸው ፊት፣ በልጆቻቸው ፊት «አዎ፣ ሥልጣን እፈልጋለሁ» ማለት ለእሳቸው እርቃናቸውን ከመቆም አይለይም ነበር። በልቤ ይበሉ፣ ይበሉ፣ ይበሉ እላለሁ። ዋርካው ሥር አንተነህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲመጣ አየሁት።

«እኔ…» አሉ አያ ተሰማ መሬት መሬት እያዩ፤ «እኔ ሥልጣን ፈልጌ አላውቅም።»

«በቃ። ጸሐፊዋ፣ ጻፊ፦ በራሱ ፈቃድ ራሱን አግልሏል። ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። መዝገቡ በእጄ ነው፤ ተነሥቼ «የተባለው ይህ አይደለም» ማለት ይቻለኝ ነበር። የተባለው ግን ቃል በቃል እሱ ነው። ይህ ነው የሚያስቀው። ጻፍኩ። ተነሥቼ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ሌላ እጩ አለ ወይ ተባለ። የመንደሩ ሰው በአንድ ሰው ተስማምቶ ነበርና ሁለተኛ አላሰበም፤ እርስ በርስ ተያየ። ከዚያ ለካሴ ተሰለፉ ተባለ። አለመሰለፍ መቃወም ነው፣ መቃወም ምን እንደሆነ ደግሞ ታጣቂዎቹን ያየ ያውቃል። መጀመሪያ አማቾቹ፣ ቀጥሎ የፈራው፣ ቀጥሎ ሁሉም ተሰለፈ። አያ ተሰማም ተሰለፉ። አንተነህም። እናቴም። እኔ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

ከስብሰባው በኋላ ካሴ ቤት ግብዣ ነበር፤ በግ ታርዷል። የካሴን ማኅተም የምይዝለት እኔ ስለሆንኩ፣ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም እዚያው መቆየት ነበረብኝ። ጓድ ፍሬው መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ቀበቶውን ላላ ሲያደርግ ሌላ ሰው መሰለ። የካሴ ሚስት ሥጋውን በትልቅ ሳህን ይዛ ቀረበች።

«ኧረ አይሆንም» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ቡሬ በልቼ ነው የወጣሁ።»

«እንዴት ተደርጎ! ትንሽ ይቅመሱልኝ።»

«ጠግቤያለሁ፣ እትዬ። ለእነሱ ስጫቸው።»

«በሞቴ ጓድ ፍሬው! አፈር ስሆን!»

«የእናቴ ልጅ፣ አልችልም አልኩሽ» እያለ፣ ፈገግ ብሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ ይጠብቃል። ሦስተኛውን ልመና ይጠብቃል። ካሴ፣ «የፈረስ ቤት ሰው እኮ ልመና ይወዳል!» አለና ሳቀ። ካድሬውም ሳቀ። «እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ በመጀመሪያው የበላ ልጅ ይቆነጠጣል» አለ።

የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ የቅርባችን ከተማ። የእኛው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ወጋችንን የማያውቅ ሰው መስሎኝ ይቅር ልለው ተቃርቤ ነበር። ያውቀዋል። እያንዳንዷን ልመና እየቆጠረ ያውቃታል። ሜዳው ላይ ጠረጴዛውን የመታው ከሁለተኛዋ በፊት ነው።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። ሳህኑን ከካሴ ሚስት እጅ ተቀበልኩ።

«ጓድ አልችልም ብለዋል» አልኩ። «ዲሞክራሲ ማንንም አያስገድድም።» ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከጓዳ ሆኜ የካድሬውን ሳቅ ሰማሁ፤ አጭር ነበር።

«የማን ልጅ ናት?» አለ።

«የአንተነህ እህት ናት» አለ ካሴ።

«አንተነህ የትኛው ነው?»

ሌላ አልተባለም። ሥጋው ተመልሶ ቀረበለት፤ በላ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ማኅተሙን እኔ መታሁ።

በማግሥቱ ጧት አንተነህ በሬዎቹን ሲፈታ ወሰዱት። ከመንደራችን ሰባት ሆነው ነበር የሚሄዱት፤ ሌሎቹ ስድስቱ እስከ ቅዳሜ ይቆያሉ ተባለ። እሱ ብቻ ቀድሞ ተወሰደ።

ሐሙስ አያ ተሰማ ደጃችን መጡ። በትራቸውን ይዘዋል፤ ስንቅ ቋጥረዋል። «ፍኖተ ሰላም ናቸው አሉ። ተነሺ» አሉኝ። ከቡሬ በጭነት መኪና ላይ ሄድን። ወጣቶቹ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበሩ። አያ ተሰማ በሩ ላይ ወደ ቆመው የመቶ አለቃ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ እጅ ሳይነሡ፣ ደህና ዋሉ ሳይሉ ተናገሩ።

«ልጁን እፈልጋለሁ። አንተነህን ስጠኝ፤ እኔ እገባለሁ። መተኮስ እችላለሁ። እፈልጋለሁ።»

የመቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ የእሱ ስም ቀድሞ ተላልፏል» አለ። «ለፍላጎት ጊዜው አልፏል።»

አንተነህን በሽቦው በኩል አገኘሁት። ጠጉሩን ላጭተውታል፤ ጆሮው ትልቅ መስሎ ታየኝ። የግብዣውን ወሬ ሰምቷል፤ መንደር ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም።

«እውነት ሳህኑን አነሣሽበት?» አለኝ።

«አነሣሁበት።»

«ፊቱ እንዴት ሆነ?»

ነገርኩት። እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ፣ «ጥቁሩ በሬ ሲጠምዱት በግራ ይሁን፤ በቀኝ ይዋጋል» አለኝ። «ለእናቴ ንገሪያት።» የቋጠርነውን ቆሎ ተቀብሎ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። ሰሜን ከገባ በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው በመንግሥት ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ማን እንደ ገደለው ብዙ አስቤበታለሁ። ጦርነቱ ነው ማለት ቀላል ነው። ካሴ ስሙን ጻፈው፤ ካሴን ግን እኛ ሰጠነው፣ ሥልጣንን ለማይረባ ሰው የሚተው ነገር አድርገን ስለቆጠርነው። ካድሬው ወጋችንን እኛው ላይ ሰደደው። አያ ተሰማ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ጥሩነታቸው ግን ክፉ ሰው ሲጠይቃቸው «እፈልጋለሁ» የሚል ቃል አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የተፋለሙትን ወገኖች ሁሉ አይቻለሁ፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ ባንዲራው ሲለወጥ አይቻለሁ። አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ደህናው ሰው እስኪለመን ይጠብቃል፣ ያኛው ተነሥቶ እቀበላለሁ ይላል።

እኔ ከዚያ ወዲህ ተጠይቄ እምቢ ብዬ አላውቅም። ቡሬ ውስጥ የእድር ሰብሳቢ ሁኚ ሲሉኝ፣ ገና ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ሴቶቹ ተያዩ። ደፋር ናት ብለው እንዳሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ካሴ ቤት ምን እንዳልኩ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለእናቴ ግን ማንም አልነገራትም። አዘኑልኝ። እኔም አልነገርኳትም። አንተነህ ለምን ከስድስቱ ቀድሞ እንደ ተወሰደ ሳታውቅ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ሁልጊዜ ጧት ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ፣ ልጄን የነጠቀኝን አምላክ ይንጠቀው እያለች ካሴን ትረግም ነበር። እኔ ከጎኗ ቆሜ አሜን እል ነበር።